የማጥኛ መጽሐፍ ቅዱስ፦ በውፍረቱ ልምረጥ ወይስ በስሙ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን አስተምራለሁ። አሜሪካ ያለው ታላቅ ወንድሜ ለክረምት ሲመጣ ‹ስተዲ ባይብል› ላምጣልሽ አለኝና የዓይነቱን ዝርዝር ላከልኝ። ብዛቱን ሳየው ግራ ገባኝ። አንዷ ጓደኛዬ ከሁሉም ወፍራሙን ምረጪ ትላለች። ሌላዋ ‹ኦርቶዶክስ› የሚል ስም ያለው አለ፣ እሱን ካገኘሽ በቃሽ ትላለች። የቱ ይሻለኛል? አንዴ ከያዝኩት ሌላ መጽሐፍ ሳልፈልግ ማስተማር እችላለሁ?»

አትችይም። ከመጨረሻው ጥያቄ የጀመርኩት ሌላው ሁሉ በእሱ ስለሚወሰን ነው። ብቻውን ለማስተማር የሚያበቃ የማጥኛ መጽሐፍ ቅዱስ በእንግሊዝኛም በአማርኛም የለም። አንድ መጽሐፍ የሚመስልሽ ነገር በአንድ ጥራዝ የታሰሩ ሦስት ነገሮች ነው። እነሱን ሳይለዩ መምረጥ በጭፍን መምረጥ ነው።

አንደኛው ንባቡ ራሱ ነው። ሁለተኛው ማጣቀሻው ነው፤ በገጹ መሐል ወይም ጠርዝ ላይ በደቃቅ ፊደል የሚደረደረው የምዕራፍና የቁጥር ዝርዝር። ሦስተኛው ከገጹ ግርጌ ያለው ማብራሪያ ነው። ንባቡ የመጽሐፍ ቅዱስ ነው። ማጣቀሻው ከመጽሐፍ ቅዱስ ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ይመራሻል፣ መሪው ግን ሰው ነው። ማብራሪያው ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሰው ድርሰት ነው። ያ ሰው ቤተ ክርስቲያን አለው፣ መምህር አለው፣ የማይስማማው ወገንም አለው። በቀጭን መስመር ከንባቡ ተለይቶ ስለታተመ ብቻ ወገንተኝነቱ አይጠፋም።

ይህ ዛሬ የተፈጠረ ችግር አይደለም። በ1560 (የውጭ እትሞችን ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በጄኔቫ የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ጠርዙ በማብራሪያ የተሞላ ነበር። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 1 ላይ አዋላጆቹ የፈርዖንን ትእዛዝ ጥሰው ወንድ ሕፃናቱን እንዳዳኑ ታነቢያለሽ። የጄኔቫው ማብራሪያ «አለመታዘዛቸው ተገቢ ነበር፣ ማስመሰላቸው ግን ክፉ ነው» የሚል ሐሳብ ጻፈበት። የእንግሊዙ ንጉሥ ጄምስ ይህን ጠላው። ንጉሥን አለመታዘዝ ተገቢ ነው የሚል ጽሑፍ ሕዝብ እጅ ሲገባ የትኛው ንጉሥ ደስ ይለዋል? ስለዚህ እሱ ያስተረጎመውና በ1611 የወጣው መጽሐፍ ቅዱስ የዕብራይስጥና የግሪክ ቃላትን ከመፍታት ያለፈ ማብራሪያ በጠርዙ እንዳይገባበት ታዘዘ። ማጣቀሻው ግን አልተከለከለም። የንጉሡ ምክንያት የሥልጣን ቢሆንም ልዩነቱን በደንብ አይቶታል።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሳይረስ ስኮፊልድ የተባለ አሜሪካዊ መጣ። በ1909 የታተመው መጽሐፉ ማብራሪያውን ከንባቡ ሥር፣ እዚያው ገጽ ላይ አስቀመጠ። እግዚአብሔር ከሰው ጋር የሚሠራበትን ታሪክ በሰባት ዘመናት ይከፍላል። በዘፍጥረት 1፥1 እና 1፥2 መካከል ረጅም ጊዜ አልፏል የሚለውን አሳብም ያስተምራል። የእኛ መምህራን እንዲህ ብለው አያስተምሩም፤ ብዙ ፕሮቴስታንቶችም አይቀበሉትም። መጽሐፉ ግን በሰፊው ተሸጠ። አንባቢው ዓይኑን ዝቅ ሲያደርግ የሚያገኘው እሱን ስለሆነ ትምህርቱ ሩቅ ሄደ። የወንድምሽ ዝርዝር ውስጥ ስሙ ካለ ሰርዢው።

ወደ ውፍረቱ እንምጣ። ጓደኛሽ ቅን ሰው ትመስለኛለች፣ ምክሯ ግን አያዋጣም። ዛሬ ከሚሸጡት ትልልቆች አንዱ፣ በ2008 የወጣው የኢኤስቪ (የአንድ እንግሊዝኛ ትርጉም ስም ነው) ማጥኛ፣ 2,752 ገጽ ነው። ንባቡ 66 መጻሕፍት ነው፤ 81 መጻሕፍት ካሉት ከአንቺ ሰማንያ አሐዱ በ15 ያንሳል። ታዲያ ውፍረቱ ከየት መጣ? ከማብራሪያው፣ ከመግቢያው፣ ከካርታውና ከሠንጠረዡ ነው። ወፍራሙን ስትመርጪ ብዙ ማብራሪያ መረጥሽ እንጂ ብዙ መጽሐፍ ቅዱስ አላገኘሽም። ማብራሪያውን ያዘጋጁት የፕሮቴስታንት ምሁራን ናቸው። በታሪክና በመልክዓ ምድር ላይ ጥሩ ሥራ ሠርተዋል፤ በቁርባን፣ በክህነትና በአማላጅነት ላይ ግን የራሳቸውን ይጽፋሉ። መጻፋቸው ነውር የለውም፣ ቤታቸው ነው። ነውር የሚሆነው አንቺ ሳታውቂው ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ስታነቢው ነው።

ይህን ደግሞ ወሎ ውስጥ ሆነሽ አስቢው። ተማሪሽ ማታ ቤቱ ገብቶ ከሙስሊም አጎቱ ጋር ቡና ይጠጣል። ጨዋታ ይነሳል። «የእኛ መጽሐፍ እንዲህ ይላል» ብሎ ይናገራል። አጎትዬው ጠያቂ ሰው ከሆነ «እስቲ አሳየኝ» ይለዋል። ልጁ ገልጦ ሲያይ ነገሩ ንባቡ ውስጥ የለም፤ ከግርጌ ማብራሪያ የመጣ ነው። እዚህ አገር እንዲህ ዓይነት ወሬ ጥምቀትና መውሊድ አብሮ በሚከበርበት ጎረቤት መካከል ነው የሚወራው። ጥቅስና ማብራሪያን ለይቶ መናገር ለሌላው አስተማሪ ጥሩ ልማድ ከሆነ ለወሎ አስተማሪ ግዴታ ነው።

አሁን «ኦርቶዶክስ» ስለሚለው። መጽሐፉ አለ። አዲስ ኪዳኑ በ1993፣ ሙሉው በ2008 አሜሪካ ውስጥ ታትሟል። ብሉይ ኪዳኑ ሰብዓ ሊቃናትን፣ ማለትም ጥንታዊውን የግሪክ ትርጉም፣ የተከተለ ነው፣ ይህ ለእኛ ቅርብ ያደርገዋል። ከአባቶች ትምህርት ይጠቅሳል፣ ስለ ቁርባንና ስለ ጥምቀት የሚለውም ከእኛ ጋር በብዙ ይገጥማል። ነገር ግን ያዘጋጁት የምሥራቅ ኦርቶዶክሶች ናቸው፤ ክርስቶስ ሁለት ባሕርይ አለው ያለውን የ451ዱን የኬልቄዶን ጉባኤ የሚቀበሉ። እኛ የምንቀበለው ኒቅያን፣ ቁስጥንጥንያንና ኤፌሶንን ነው። ስለዚህ ስለ ክርስቶስ አካልና ባሕርይ የሚናገሩ ክፍሎች ላይ ስትደርሺ ማብራሪያው ተዋሕዶ የምትለውን አይልም። በሽፋኑ ላይ ያለው ስም አንድ ስለሆነ እምነቱ በሙሉ አንድ አይደለም። በእኛ ሰማንያ አሐዱ ያሉት መጽሐፈ ሄኖክና ኩፋሌም የሉትም።

ይህ የመጻሕፍት ቁጥር ነገር ቀላል አይምሰልሽ፤ ማጣቀሻውን ያዛባዋል። የይሁዳን መልእክት ቁጥር 14 እና 15 ክፈቺ። ሄኖክ ትንቢት ተናገረ ይላል። ባለ 66ቱ እጅሽ ላይ ካለ ልታመሳክሪበት የምትችይው መጽሐፈ ሄኖክ የለሽም። በሰማንያ አሐዱ ግን ወደ ሄኖክ ምዕራፍ 1 ሄደሽ ቁጥር 9 ላይ ቃሉን በዓይንሽ ታያለሽ። መቃብያን ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። የእንግሊዝኛው ማጣቀሻ «1ኛ መቃብያን» ብሎ ሲልክሽ የግሪኩን መጽሐፍ ማለቱ ነው። የእኛ ሦስቱ መቃብያን በስም እንጂ በይዘት ከእሱ ጋር አንድ አይደሉም። ቁጥሩን ተከትለሽ ብትሄጂ የማይገናኝ ታሪክ ላይ ታርፊያለሽ።

ከሁሉም የሚበዛው ስሕተት ግን ዳዊት ላይ ነው። ማርቆስ 15፥34ን አንብቢ፤ ጌታ በመስቀል ላይ «አምላኬ አምላኬ ለምን ተውኸኝ» ያለበት ነው። የፈረንጅ ማጣቀሻ መዝሙር 22 ይልሻል። የግእዝ ዳዊት ይዘሽ 22ን ብትከፍቺ የሚጠብቅሽ «እግዚአብሔር ይሬእየኒ» ነው፤ እግዚአብሔር እረኛዬ ነው የሚለው። የፈለግሽው ያለው 21 ላይ ነው። ምክንያቱ የግእዙ እንደ ሰብዓ ሊቃናት 9ኛውንና 10ኛውን መዝሙር አንድ አድርጎ ስለሚቆጥር ነው። ከዚያ ጀምሮ አብዛኛው በአንድ ይቀንሳል። መጨረሻ አካባቢ 147ኛው ለሁለት ስለሚከፈል ከ148 እስከ 150 እንደገና ይገጥማል። ተማሪዎችሽ «መምህርት፣ የእኔ ላይ የለም» ሲሉሽ መጀመሪያ አንድ ቁጥር ወደ ኋላ አስከፍቻቸው። የነገሥት መጻሕፍትም ተመሳሳይ ጣጣ አላቸው። በግእዝ አቆጣጠር ሁለቱ ሳሙኤል 1ኛና 2ኛ ነገሥት ይባላሉ። «3ኛ ነገሥት» የሚል ካየሽ በሌላው አጠራር 1ኛ ነገሥት ነው።

ማጣቀሻ ሲባል የፈረንጅ ነገር የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። ምዕራፍ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ የአዲስ ኪዳን ቁጥር ደግሞ በ1551 ከመምጣቱ በፊት፣ የቂሳርያው አውሳብዮስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አራቱን ወንጌላት በቁጥር በተለዩ ክፍሎች ከፍሎ 10 ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ ነበር። የመጀመሪያው ሠንጠረዥ በአራቱም ወንጌላት ያለውን ይዘረዝራል፤ ለምሳሌ አምስት ሺህ ሕዝብ በአምስት እንጀራ የጠገበበትን። ከዚያ በሦስቱ ያለውን፣ በሁለቱ ያለውን፣ በመጨረሻም በአንዱ ብቻ ያለውን። ይህ ሠንጠረዥ የጥንት የብራና ወንጌሎቻችን መግቢያ ላይ፣ በዓምድና በቅስት አጊጦ ይገኛል። ከአንቺ ብዙም በማይርቀው በሐይቅ እስጢፋኖስ አባ ኢየሱስ ሞዐ በፈረንጆች 1280 ገደማ ያጻፉት ወንጌል ከጥንታዊ የብራና ወንጌሎቻችን አንዱ ነው። ማጣቀሻ ከእኛ ገዳማት ጋር የቆየ ነገር ነው፤ የዘመኑ የግርጌ ማብራሪያ ነው ከውጭ የመጣው። የእኛ ማብራሪያ አንድምታ ነው፣ እሱም ከመምህር አፍ የሚሰማ ነበር።

አጠቃቀሙን በአንድ ምሳሌ ላሳይሽ። ማቴዎስ 2፥15 ላይ ቅድስት ቤተሰብ ግብፅ መኖራቸው «ልጄን ከግብፅ ጠራሁት» የተባለው እንዲፈጸም ነው ይላል። ቃሉ አጠገብ ትንሽ ምልክት አለ። በዚያ ምልክት ጠርዙ ላይ ፈልጊ፤ ሆሴዕ 11፥1 ይልሻል። አሁን ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ሆሴዕ መባሉን ጽፎ ያልፋል። አትለፊ። ሄደሽ ክፈቺው። ሆሴዕ የሚናገረው ስለ እስራኤል ሕዝብ ነው፤ በሕፃንነቱ ወደድሁት፣ ከግብፅ ጠራሁት ይላል። ጎበዝ ተማሪ «ታዲያ ይሄ ስለ ጌታ የት አለ?» ይልሻል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ከሆሴዕ ጠርዝ ደግሞ ወደ ዘጸአት 4፥22 ሂጂ፤ «እስራኤል የበኵር ልጄ ነው» ይላል። ሦስቱን አንድ ላይ ስታነቢ ማቴዎስ ያደረገው ግልጽ ይሆናል፤ የሕዝቡን ታሪክ በአንዱ ልጅ ላይ ተፈጽሞ አሳየ። አንድ መስመር ማብራሪያ ሳታነቢ አንድ ሙሉ ትምህርት አገኘሽ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አንድምታውን ክፈቺና መምህራኑ የጨመሩትን እይ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ንባብ፣ ማጣቀሻ፣ አንድምታ፣ በመጨረሻ የውጭ ማብራሪያ ካስፈለገ።

ሁሉም ማጣቀሻ እኩል ክብደት የለውም። ሐዲሱ ብሉዩን በቀጥታ የጠቀሰበት ጠንካራ ነው። አንድ ታሪክ ሁለት ቦታ የተጻፈበትም እንዲሁ፤ ነገሥትና ዜና መዋዕል፣ ወይም አራቱ ወንጌላት። አንድ ቃል ሁለት ቦታ ስለተገኘ ብቻ የተያያዘው ግን ደካማ ነው፤ «ውኃ» ያለበት ሁሉ ስለ ጥምቀት አይደለም። ማጣቀሻ እንደ ሰፈር ልጅ ነው፤ መንገድ ያሳይሻል እንጂ ቤት አያስገባሽም።

ቀይ ቀለም ስላለበት እትምም አንድ ነገር ልበል። የጌታን ቃል በቀይ የማተም ልማድ ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ ያን ያህል ዕድሜ የለውም። በብራና መጻሕፍታችን ቀይ ቀለም ለርእስና ለቅዱሳን ስም ነው የሚውለው፣ ስለዚህ ሁለቱን አታምታቺ። ደግሞም ቀዩ የት ላይ እንደሚያበቃ የሚወስነው አታሚው ነው። ዮሐንስ ምዕራፍ 3 ላይ ጌታ ለኒቆዲሞስ የተናገረው የት ጋ እንደሚያልቅና የወንጌላዊው ቃል የት ጋ እንደሚጀምር ሊቃውንት አይስማሙም። በጥንቱ ግሪክ የጥቅስ ምልክት የለም። ለማስተማር ቀዩ አይጠቅምሽም።

ማንኛውንም የማጥኛ እትም ደሴ መጻሕፍት ቤትም ሆነ ወንድምሽ በስልክ ካሜራ ሲያሳይሽ ሦስት ቦታ አስገልጪ። ዘፍጥረት 6፥2፣ «የእግዚአብሔር ልጆች» የተባሉት እነማን ናቸው? የእኛ መምህራን ደቂቀ ሴት፣ የአዳም ልጅ የሴት ዘሮች፣ ይላሉ። ማብራሪያው መላእክት ናቸው ብሎ ከደመደመ ልብ በዪ። ዮሐንስ 6፥53 ላይ ሥጋውንና ደሙን ምሳሌ ብቻ አድርጎት እንደሆነ እይ። ሮሜ 8፥34 ላይ ስለ ምልጃ የሚለውን አንብቢ። ሦስቱን ካነበብሽ አዘጋጁ ማን እንደሆነ ሽፋኑን ሳታዪ ታውቂያለሽ። በ66ቱ የሚያጠኑ አንባቢዎቼም ይህንኑ ዘዴ በራሳቸው ጥቅሶች ይሞክሩት፤ በየቤቱ የሚያጣላ ጥቅስ አይጠፋም።

እንግዲህ ምክሬ። ዋናው መጽሐፍሽ የአማርኛው ሰማንያ አሐዱ ይሁን፤ በ2000 ዓ.ም. የታተመው አለ። አጠገቡ በ1954 ዓ.ም. የታተመውን ትርጉም ባለ ማጣቀሻ ያዢ፤ ማጣቀሻ የሌለው እትምም ስላለ ሳትገልጪ አትግዢ። ሦስተኛ የወንጌል አንድምታ ግዢ። ከእንግሊዝኛው ወንድምሽ እንዲያመጣልሽ የምመክረው ማብራሪያ የሌለበትን፣ ማጣቀሻና ካርታ ብቻ ያለውን ነው። ዋጋው ይቀንሳል፣ ክብደቱም ይቀንሳል፣ ከሰው አሳብ ጋር ትግል የለብሽም። ካርታው በአማርኛ እትሞች የምናጣው ነገር ስለሆነ ትልቅ መሆኑን አረጋግጪ። «ኦርቶዶክስ» የሚለው ከተረፈው ገንዘብ ይገዛ፤ ለአባቶች ጥቅስ ተጠቀሚበት፣ የክርስቶስ ባሕርይ ላይ ስትደርሺ ዝጊው።

በተረፈ ወሎ ተቀምጦ መምህር አጣሁ ማለት አያምርም። ዋድላ በቅኔ የታወቀ አገር ነው፤ የመጻሕፍት መምህራንም በየደብሩ አሉ። የተቸገርሽበትን ጥቅስ ከነማጣቀሻው ጽፈሽ የኔታ ዘንድ ሂጂ። ባዶ እጁን ከሚመጣ ጠያቂ ይልቅ ሦስት ቦታ ገልጦ የመጣውን ይወዳሉ።

አያያዙ ላይ አጭር ማሳሰቢያ፦ ወረቀቱ ስስ ነው። ማድመቂያ ብዕር ወደ ጀርባው ያልፋል፣ እስክሪብቶም ያበላሸዋል። በእርሳስ አስምሪ።

ቃል ለመፈለግ ስልክሽ ላይ ያለው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከወፍራም መጽሐፍ ይፈጥናል፤ አንድ ጠንቅ ግን አለው። ፍለጋው የሚያውቀው የተጻፈውን ፊደል ብቻ ነው። «ፀሐይ» ብለሽ ስትፈልጊ «ጸሐይ» ወይም «ፀሀይ» ተብሎ የተጻፈውን ላያመጣልሽ ይችላል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ያለበትን ቃል ሁሉ በየፊደሉ እየቀያየርሽ ፈልጊ። ከዚያ በፊት «ይህ ቃል መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም» ብለሽ ለተማሪ አትንገሪ።